የቀረጥና የንግድ ሕግ ለቦርከና ወንዝ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ጥያቄ፦ የቦርከና ዳር ልጅ (ኮምቦልቻ)

ውድ ተሳታፊዎች፣ ሰላምታዬ ባላችሁበት ይድረሳችሁ። የኮምቦልቻ ነዋሪ ስሆን በኢኮኖሚክስ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን እየተከታተልኩ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን ርእስ ከመቁረጤ በፊት በሥራው ላይ ያላችሁ ሰዎች የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ትልቅ ውለታ ይሆንልኛል።

ጥያቄዬ የሚከተለው ነው። የአንድ አገር የንግድ ፖሊሲ፣ ማለትም ቀረጥ፣ የገቢ ዕቃ ክልከላ፣ ለላኪዎች የሚሰጥ ማበረታቻና የጥራት መስፈርት፣ አካባቢን ለመጠበቅ በእርግጥ ሊያገለግል ይችላል ወይስ ለአካባቢ ጥበቃ የወጡትን ሕጎች ከማዳከም ያለፈ ፋይዳ የለውም? ነገሩን ከከተማችን ለይቼ ማየት አልቻልኩም። ኮምቦልቻ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጣው መንገድ መዳረሻ በመሆኗ የጨርቃጨርቅ፣ የቆዳ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎችን ስባለች፤ ደረቅ ወደብም አላት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩም በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። እነዚህ ሁሉ የሚኖሩት በንግድ ነው። በሌላ በኩል ቦርከና ከደሴ ወርዶ፣ ወርቃንና ለዮሌን የመሳሰሉትን ትንንሽ ወንዞች እዚሁ ከተማ ውስጥ ተቀብሎ፣ በጨፋ ረግረግ በኩል ወደ አዋሽ ይጓዛል። ፋብሪካው የሚለቀውን ሁሉ የሚሸከመውም እርሱ ነው።

መንግሥት በቅርብ ዓመታት የወሰዳቸው ሁለት እርምጃዎች አሉ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነግሯል፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ሁለቱም ድንበር ላይ ወይም ገበያ ላይ ዕቃን የሚያቆሙ ናቸው። የወንዙ ችግር ግን ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሳይሆን ዕቃው ተሠርቶ ከሄደ በኋላ እዚህ የሚቀረው ፍሳሽ ነው። ታዲያ ቀረጥ ሰብሳቢው ይህን በምን ዓይኑ ሊያየው ይችላል? የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ብንሆንስ እንዲህ ዓይነቱን ክልከላ እንድናስቀጥል ይፈቀድልናል?

መልስ፦ ትራንዚተር ከደረቅ ወደቡ

ጠያቂያችን ሆይ፣ በመጀመሪያ የጉምሩክ ሥራ ዕቃን የሚያየው በኮድ፣ ማለትም በታሪፍ መጽሐፉ ለየዕቃው ዓይነት በተሰጠው ቁጥር፣ እንደሆነ ልብ ይበሉ። ኮዱ የሚለየውን ነገር በቀረጥ መግፋትም ሆነ መሳብ ቀላል ነው፤ ኮዱ የማይለየውን ግን ሕጉ የፈለገውን ቢል ድንበር ላይ ለመያዝ እጅግ ይከብዳል።

የኤሌክትሪክ መኪናን ይውሰዱ። በታሪፍ መጽሐፉ በኤሌክትሪክ ሞተር ብቻ የሚንቀሳቀስ አውቶሞቢል 8703.80 የተባለ የራሱ ኮድ አለው። ስለዚህ በ2014 ዓ.ም. በወጣው የገንዘብ ሚኒስቴር ውሳኔ መሠረት ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ ለሚመጣው ዜሮ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተሠርቶ ላለቀው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ሲጣልና ኤክሳይስ፣ ሱር ታክስና ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲነሣ፣ ውሳኔው በዕቃ ማሳወቂያ ቅጹ (ዲክላራሲዮን) ላይ ያለ ብዙ ክርክር ተፈጻሚ ሆኗል። ውጤቱንም ደሴ ፒያሳ ላይ ቆሞ መመልከት ይቻላል። በእርግጥ ከሚሌ ወደ ባቲ ሽቅብ የሚያቃስተው የጭነት መኪና አሁንም በናፍጣ ነው የሚሄደው፤ እርሱን የሚነካ ቀረጥ ገና አላየሁም።

ፌስታልን ደግሞ ይመልከቱ። የ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ለሆነ፣ በተፈጥሮ ለማይበሰብስ ፌስታል የማምረትም ሆነ የማስመጣት ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁሉ ስሱ ፌስታል ከሰኞ ገበያ ጠፍቶ አያውቅም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የፌስታል ኮድ 3923.21 ስለ ውፍረት አንዳች ነገር አይናገርም፤ መለኪያ ይዞ የሚለካም ሰው በየመግቢያው አይቆምም። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው፤ ብዙው ፌስታል ፌስታል ሆኖ አይገባም። የሚገባው ፖሊኢታይሊን የተባለው ጥሬ ዕቃ በጆንያ እንደ ሩዝ ፍሬ ሆኖ፣ በ3901 ኮድ ነው። ያው ፍሬ ጄሪካንም፣ የመስኖ ቱቦም፣ ፌስታልም ይሆናል። በር ላይ የቆመ ሰው የትኛው እንደሚሆን ሊያውቅ አይችልም። አዲሱ አዋጅ ሽያጩንና መጠቀሙን ጭምር መከልከሉ ከቀድሞው የተሻለ የሚያደርገው በዚህ የተነሣ ነው፤ ክልከላው ከድንበሩ አልፎ ገበያው ድረስ ይገባል።

እንግዲህ ስለ ፍሳሹ የጠየቁት ከሁሉም የከበደው ነው፤ ፍሳሽ ኮድ የለውም። ይህን ለባለሙያዎቹ እተዋለሁ።

መልስ፦ የቆዳ ኬሚስት

በቆዳ ሥራ ላይ ረጅም ጊዜ ስላሳለፍኩ የማውቀውን ልጨምር። የማንንም ፋብሪካ ስም አላነሣም፤ የምለው የሥራውን ጠባይ ብቻ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የንግድ ፖሊሲ ወንዛችንን አይነካውም የሚለውን ግምት አልቀበልም፤ በጣም ነክቶታል። በ2000 ዓ.ም. ጥሬና በከፊል የተዘጋጀ ቆዳና ሌጦ ወደ ውጭ ሲላክ የ150 በመቶ ታክስ እንዲከፈልበት ተደርጓል። ዓላማው እሴት ጨምረን ያለቀለት ቆዳ እንድንልክ ነበር፤ እንደ ንግድ ፖሊሲ ምክንያቱ የሚያስወቅስ አይደለም። ነገር ግን ቆዳ የማልፋት ሥራ ሁሉ እዚህ ይሠራ ማለት ጨው ማጠቡም፣ በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ፀጉር ማንሣቱም፣ በክሮም (በክሮሚየም ጨው) ማልፋቱም፣ ማቅለሙም እዚህ ይሁን ማለት ነው። ሥራው ከነፍሳሹ መጣ። ታክሱ ሲታወጅ «ማጣሪያህ ካልሠራ የዚህ ገበያ ተጠቃሚ አትሆንም» የሚል ሐረግ አብሮ ቢታሰር ኖሮ ዛሬ ሌላ ጨዋታ በተጫወትን ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ ገዢዎች ከሚጠይቁት መስፈርት ጋር የተያያዘ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከሰው ቆዳ ጋር በሚነካካ የቆዳ ውጤት ላይ ባለ ስድስት ክሮሚየም ከ3 ሚሊ ግራም በኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ከግንቦት 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወስኗል። ላኪው ይህን ያከብራል፤ ካላከበረ ዕቃው ይመለስበታል። ሆኖም መስፈርቱ የሚለካው ጫማውን ወይም ጓንቱን ነው። ጫማው ንጹሕ ሆኖ ወንዙ ሊበከል ይችላል። ለማልፋት የምንጠቀመው ባለ ሦስቱ ክሮሚየም ድራም በምንለው ተሽከርካሪ በርሜል ውስጥ ሲጨመር፣ በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚይዘው ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ነው። የተረፈው ድራሙ ሲገለበጥ ሰማያዊም አረንጓዴም የሚመስል ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ይህን ውሃ ከሌላው ፍሳሽ ለይቶ በማጠራቀም ማግኒዚየም ኦክሳይድ ቢጨመርበት ክሮሙ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ዝቃጩም በሰልፈሪክ አሲድ ሟሙቶ ተመልሶ ለሥራ ይውላል። ዘዴው የታወቀ ነው፤ ለፋብሪካውም የኬሚካል ወጪ ይቀንስለታል። የሚያስፈልገው ታንክ፣ ፓምፕ፣ መቀላቀያና ሥራውን የሚከታተል ሰው ነው።

ትራንዚተሩ ወንድማችን ፍሳሽ ኮድ የለውም ብለዋል። እውነት ነው፤ ፍሳሹን የሚፈጥረው ኬሚካል ግን ኮድ አለው። ለማልፊያ የምንጠቀምበት ክሮም ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ እያንዳንዱ ኪሎ ዲክላራሲዮን ላይ ተመዝግቧል። የገባውን ክሮም ብትይዙና ባለቀለት ቆዳ ላይ ሆኖ የወጣውን ብትቀንሱ፣ ልዩነቱ በዝቃጭም ሆነ በውሃ መልክ የቀረው እዚሁ አገራችን ውስጥ ነው። የጉምሩክ መዝገብ ሳይታሰብ የብክለት መዝገብም ነው ማለቴ ነው።

አስተያየት፦ የቦርከና ዳር ልጅ

ክቡር ኬሚስት፣ ይህ ስሌት እስካሁን ያልታየኝ ነገር ስለሆነ ከልብ አመሰግናለሁ። ሆኖም አንድ ስጋት አለኝ። ማበረታቻን ከፍሳሽ ጋር እናስር ቢባል፣ የውጭ ምንዛሪ የምንለምን አገር ሆነን ላኪውን ማስጨነቅ ይሆናል የሚል ክርክር መምጣቱ አይቀርም። ከኢንዱስትሪ ፓርኮቻችን ጋር የተያያዘው ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የመላክ (የአጎዋ) ዕድል በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ከተቋረጠ ወዲህ ደግሞ ክርክሩ ጉልበት አግኝቷል። ሕጉ ለዚህ በር አለው ወይ?

መልስ፦ የሕግ መምህር (ደሴ)

በሩ አለ፤ ከተከፈተም ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 10 ሥር ብክለትን ለመቆጣጠር የሚያገለግል አዲስ መሣሪያ ሲገባ፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ካረጋገጠ ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ እንደሚሆን ይደነግጋል። ኬሚስቱ የጠቀሷቸው ታንክና ፓምፕ እዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። ተማሪዎቼን ስለዚህ አንቀጽ ስጠይቅ ቅጣቱን የሚናገሩት አንቀጾች ሁሉ በቃል ይወጡላቸዋል፤ ይህችን የሚያስታውስ ግን አይገኝም፤ የአካባቢ ሕጋችን በጠቅላላ የሚታየን በቅጣት በኩል ብቻ ስለሆነ ይመስለኛል።

ወደ ማበረታቻው ስንመጣ፣ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወጪ ንግድ የቀረጥ ማበረታቻ አዋጅ ቁጥር 768 ላኪዎች ጥሬ ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲያስገቡ ወይም የከፈሉት እንዲመለስላቸው የሚያደርጉ ልዩ ልዩ መንገዶችን ዘርግቷል። ይህ መብት በመንግሥት የሚሰጥ እንደመሆኑ ከግዴታ ጋር እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል። ለምሳሌ የፍሳሽ ውጤት ከደረጃው በላይ ሆኖ በተደጋጋሚ የተገኘበት ላኪ፣ ለቆዳ ማልፊያና ለማቅለሚያ ኬሚካል የሚሰጠው ነፃነት እስኪያስተካክል ድረስ ይታገድበታል። ፋብሪካ ሳይዘጋ፣ ሠራተኛ ሳይበተን፣ ኬሚካሉ ብቻ በዋጋው ይገባለታል። ለእኔ ከመቶ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይህ ይሻላል፤ ያለ ቀረጥ የሚገባ ኬሚካል ከነፍሳሹ የሕዝብ ድጎማ ነውና።

ስለ ዓለም ንግድ ድርጅት የቀረበው ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። ኢትዮጵያ የአባልነት ጥያቄዋን ያቀረበችው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ አባልነት ከተገኘ የቀረጥና የንግድ አጠቃላይ ስምምነት፣ ጋት የምንለው ማለት ነው፣ ያስገድደናል። የስምምነቱ አንቀጽ 20 የሰውን፣ የእንስሳትንና የዕፅዋትን ሕይወት ወይም ጤና ለመጠበቅ አስፈላጊ የሆኑትን፣ እንዲሁም ሊያልቅ የሚችል የተፈጥሮ ሀብትን ከመጠበቅ ጋር የተያያዙትን እርምጃዎች ይፈቅዳል። የሚፈቅደው ግን በአገሮች መካከል ያለ በቂ ምክንያት አድልዎ የማይፈጥሩ ወይም የተሸፋፈነ የንግድ ክልከላ የማይሆኑ ሲሆን ነው። ብራዚል ከውጭ የሚገባ ታድሶ የተሠራ ጎማን በከለከለች ጊዜ፣ ያረጀ ጎማ ውሃ ቋጥሮ የወባና የዴንጊ ትንኝ ያረባል፣ ሲቃጠልም መርዝ ይለቃል ብላ ተከራክራለች። በ2007 እ.ኤ.አ. የድርጅቱ የይግባኝ አካል ክልከላው ለጤና አስፈላጊ መሆኑን ተቀበለ። ብራዚልን የረታት ሌላ ነገር ነው፤ መርኮሱር በተባለው የደቡብ አሜሪካ የንግድ ኅብረት ካሉ ጎረቤቶቿ የሚመጣውን ጎማ ፈቅዳ፣ በአገር ውስጥ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አሮጌ ጎማ መግባቱንም ሳታስቆም ሌላውን መከልከሏ። ስለ መኪናው ክልከላችን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ ክልከላው ራሱ ሳይሆን የሚደረድራቸው ልዩ ፈቃዶች ናቸው ጥያቄ የሚያስነሡት። ፌስታሉ በዚህ በኩል ጤናማ ነው፤ የአገር ውስጥ አምራቹንም አስመጪውንም እኩል ይከለክላል።

ኬሚስቱ ጫማው እንጂ ወንዙ አይለካም ሲሉ ያነሡት የሕጉ ሊቃውንትም ብዙ የተከራከሩበት ጉዳይ ነው። ገዢ አገር ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ዕቃው የተሠራበትንም መንገድ መጠየቅ ይችላል ወይ? አሜሪካ የባሕር ኤሊዎችን በሚገድል መረብ የተያዘ ሽሪምፕ እንዳይገባ በከለከለች ጊዜ፣ የይግባኝ አካሉ በ1998 እ.ኤ.አ. በአፈጻጸሙ አድልዎ አለበት ብሎ ቢነቅፈውም ዓላማውን በመርሕ ደረጃ አልዘጋውም። አሁን የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብ በዚሁ መንገድ ሄዷል። ቡናው ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተተከለበት መሬት እንዳልመጣ ከማሳው መገኛ ነጥብ ጋር ማስረጃ ይጠይቃል፤ ተፈጻሚነቱ በተደጋጋሚ ቢራዘምም። ዛሬ ለቡና የተጠየቀው ነገ ለጨርቃጨርቅ ቢጠየቅ የሚደንቅ አይሆንም። ያኔ የምናሳየው የፍሳሽ መዝገብ ከሌለን ላኪው የሚያጣው ገበያውን ነው። ስለዚህ የምንዛሪው ክርክር ወደ ሌላኛውም ወገን ይቆርጣል።

መልስ፦ የቃሉ መስኖ

መምህር ያብራሩት መልካም ነው፤ እኔ ከኮምቦልቻ በታች በመስኖ ሥራ ላይ ያለሁ ባለሙያ እንደመሆኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። «በተደጋጋሚ የተገኘበት» ሲሉ፣ ማን ነው የሚያገኘው? ገበሬው በዚህ ውሃ ሽንኩርትና ጎመን ያጠጣል። አንዳንድ ጠዋት ውሃው ሌላ መልክና ሌላ ሽታ ይዞ ሲወርድ ያየዋል። የሚለካው ሰው ሲመጣ ግን ውሃው ሄዷል፤ ፍሳሽ የሚለቀቀው ሁልጊዜ በቢሮ ሰዓት አይደለምና። በክረምት ደግሞ ጎርፉ ሁሉንም ስለሚያቀጥነው በሐምሌና በነሐሴ የተወሰደ ናሙና ለማንም ምስክር አይሆንም።

ማበረታቻው በልኬት ላይ ከተንጠለጠለ፣ ናሙናው የሚወሰድበት ቦታና ጊዜ በመመሪያው ውስጥ ይጻፍ። በበጋ፣ በተለይ ከጥር እስከ ግንቦት፣ ከፋብሪካው መውጫ በላይና በታች፣ ሳይነገር በሌሊትም ጭምር ይወሰድ። ውጤቱም በወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፍ። ያለዚያ ማበረታቻውን የሚያስቀጥለው ወረቀት እንደ ሌላው ወረቀት ይሆንና፣ ማኅተም የያዘ ሰው አንድ ተጨማሪ ደንበኛ ከማግኘት በቀር ለወንዙ የሚተርፈው ነገር አይኖርም።

መልስ፦ የቆዳ ኬሚስት

ወንድማችን በናሙናው ጉዳይ እውነታቸውን ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ውሃ ይሄዳል፣ ደለል ግን ይቆያል። ክሮሚየም ከወንዙ ወለል ጭቃ ጋር ስለሚጣበቅ ከመውጫው በታች ያለውን ደለል መመርመር የሌሊቱን ልቀት በቀን ያሳያል። ወጪውም ሌሊት ዘበኛ ከማቆም ያንሳል።

መልስ፦ ትራንዚተር ከደረቅ ወደቡ

መምህር ያነሡት አንቀጽ 10 ለምን ብዙም እንደማይሠራበት ከእኛ በኩል ልንገራችሁ። ውሃ ለማጣራት የተሠራ መሣሪያ 8421.21 የተባለ ኮድ አለው፤ እርሱ ብዙ አያከራክርም። የማጣሪያ ጣቢያ ግን በአብዛኛው የሚገነባው ከተራ ፓምፕ፣ ከተራ አየር መንፊያና ከተራ ቱቦ ነው። ፓምፑ ለፍሳሽ ማጣሪያ ይሁን ለቢራ፣ ኮዱ ያው 8413 ነው። ስለሆነም ቀረጡ እንዲነሣ የባለሥልጣኑ ማረጋገጫ ደብዳቤ ዕቃው ወደብ ከመድረሱ በፊት በእጅ መገኘት አለበት። ደብዳቤው ከዘገየ ኮንቴይነሩ ላይ ዲመሬጅ፣ ማለትም የመዘግየት ክፍያ፣ ይቆጥራል፤ አስመጪውም ስሌቱን ሠርቶ «ቀረጡን ከፍዬ ላውጣው» ይላል፤ ወይም በሚቀጥለው ጊዜ መሣሪያውን ማስመጣቱን ራሱን ይተወዋል። እኔ ራሴ ይህን ምክር ለደንበኛ የሰጠሁበት ጊዜ አለ፤ የሚያዋጣው እርሱ ነበርና። የሚያስፈልገው አዲስ አዋጅ አይደለም፤ የማጣሪያ ጣቢያው ንድፍ ሲጸድቅ የመሣሪያዎቹ ዝርዝር ከነብዛቱ አብሮ እንዲጸድቅና ለጉምሩክ በአንድ ጊዜ እንዲላክ የሚያደርግ አጭር መመሪያ ነው።

ለጠያቂያችን ደግሞ እንዲህ እላለሁ። ጥናትዎን ሰፊ አያድርጉት። ከጉምሩክ ኮሚሽን በደብዳቤ ሊጠየቅ የሚችል መረጃ አለ፤ ባለፉት ዓመታት ለቆዳ ማልፊያ የገባው ክሮም በክብደት፣ የወጣው ያለቀለት ቆዳ በክብደት፣ እንዲሁም በአንቀጽ 10 መሠረት ከቀረጥ ነፃ የገባ መሣሪያ ካለ። ሦስቱን አንድ ሠንጠረዥ ላይ ቢያስቀምጧቸው ኬሚስቱ ያሉትን ስሌት ይሠራሉ፤ መምህር ያሉት በር ተከፍቶ ያውቅ እንደሆነም ያያሉ። ደብዳቤውን ከዩኒቨርሲቲው በኩል ያስልኩት፤ በግል ሲጠየቅ ይዘገያል።

አስተያየት፦ የቦርከና ዳር ልጅ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ርእሱን በክሮም ላይ ብቻ ለማጥበብ ወስኛለሁ፤ የደብዳቤውንም ረቂቅ ለአማካሪዬ ዛሬ እልካለሁ። የቃሉ መስኖ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ደለሉን ለመውሰድ የሚመችበትን ቦታ በጥር ወር አብረን ብናይ ደስ ይለኛል።